ሰማይን የመረመረው አባትና መነኵሲት ልጁ

በየቤቱ ማታ ማታ ሕፃናት ወደ ደጅ ወጥተው ሰማይን እየተመለከቱ አባትና እናታቸውን የሚጠይቁት ጥያቄ አለ። ከዋክብት ስንት ናቸው? ፀሐይ ማታ ወዴት ትገባለች? ምድር ትዞራለች ተብሎ በትምህርት ቤት የተነገረን እውነት ነውን? አንዳንዱ አባት ደስ ብሎት እንደ ዕውቀቱ መጠን ይመልሳል፤ አንዳንዱ ግን ነገሩ ሃይማኖትን የሚነካ መስሎት «ዝም በል፤ ይህን አትጠይቅ» ብሎ ይቈጣል። ልጁም አባቱን ፈርቶ ዝም ይላል፤ ነገር ግን አፉ ዝም ቢል ልቡ ዝም አይልም።

እኛም ይህን ነገር ስናስብ፣ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና በከዋክብት ምርምር መካከል የሆነው ታሪክ ለወላጆች ሁሉ ትምህርት የሚሰጥ ሆኖ አገኘነው። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ሁለት ጠላቶች ጦርነት ተደርጎ ነው። እኛ ግን በቤተሰብ ገጽ የምንጽፍ እንደ መሆናችን፣ በአንድ ቤት በር ገብተን፣ በአንድ አባትና በአንዲት ልጅ ኑሮ አማካይነት ልንመለከተው ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

አስቀድሞ አንድ ነገር መታወቅ ይገባዋል። ቤተ ክርስቲያን ሰማይን መመርመር የጀመረችው በሰው ግፊት ሳይሆን በራሷ ፈቃድ ነው። የትንሣኤ በዓል የሚውለው በፀሐይና በጨረቃ አካሄድ እየታሰበ ስለሆነ፣ ካህናት ሰማይን ሳይመለከቱ በዓላቸውን ሊያውቁ አይችሉም። ይህንንም ባሕረ ሐሳብ የተማረ የኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በምዕራብ አገር ግን የዓመቱ ቍጥር ከፀሐይ አካሄድ ጥቂት ጥቂት እየራቀ ሄዶ፣ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት ዕለት ከማርች 21 ቀን ወደ ማርች 11 ቀን ወረደ። ስለዚህ የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ ሊቃውንትን ሰብስበው ካስመከሩ በኋላ፣ በ1582 ዓ.ም. ዐሥር ቀን ከቍጥር እንዲወጣ አዘዙ፤ ከኦክቶበር 4 ቀን ማግሥት ኦክቶበር 15 ቀን ሆነ። አሳቡን ያመነጨው ሉዊጂ ሊሊዮ የሚባል ሐኪም ሲሆን፣ ሥራውን ያስረዳውና የተከራከረለት ደግሞ ክላቪዩስ የሚባል የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነው። የኛ ቤተ ክርስቲያን የጥንቱን ሐሳብ ጠብቃ ስለ ቈየች፣ ፋሲካችን ከሮማውያን ፋሲካ ጋር የሚገጥመው በአንዳንድ ዓመት ብቻ ነው።

ከዚህም በፊት በ1543 ዓ.ም. በፖላንድ አገር በፍሮምቦርክ ካቴድራል የሚያገለግለው ኮፐርኒኩስ፣ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች እንጂ ፀሐይ በምድር ዙሪያ አትዞርም የሚል መጽሐፍ አሳትሞ፣ መጽሐፉን ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 3ኛ መታሰቢያ አድርጎ ነበር። በዚያን ጊዜ መጽሐፉን የከለከለው ሰው አልነበረም። እንግዲህ ጠቡ ከየት መጣ? ይህን ለመረዳት ወደ ጋሊሌዮ ቤት መግባት ያስፈልገናል።

ጋሊሌዮ ጋሊሌይ በ1564 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በፒዛ ከተማ ተወለደ። በፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ ሲኖር ማሪና ጋምባ ከምትባል ሴት ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለደ፤ ነገር ግን በሕግ አላገባትም። የመጀመሪያይቱ ልጅ ቪርጂኒያ በ1600 ዓ.ም. ተወለደች። በዚያ ዘመን ልማድ በሕግ ጋብቻ ያልተወለደች ልጅ ለማዕርገኛ ሰው ለመዳር አስቸጋሪ ስለ ነበረ፣ አባታቸው ሁለቱን ሴቶች ልጆች በ1613 ዓ.ም. ከፍሎሬንስ ከተማ አጠገብ በአርቼትሪ ወደሚገኘው የቅዱስ ማቴዎስ ገዳም አስገባቸው። ቪርጂኒያ በዚያን ጊዜ ገና ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። በ1616 ዓ.ም. ስትመነኵስ ማሪያ ቸለስቴ ተባለች፤ ቸለስቴ ማለት በኢጣልያንኛ ሰማያዊት ማለት ነው። አባቷ ሰማይን የሚመረምር ሆኖ ሳለ ልጂቱ የሰማይን ስም መያዟ የሚያስደንቅ ነው።

ጋሊሌዮ በ1609 ዓ.ም. ቴሌስኮፕ የሚባለውን የሩቅ መነጽር ሠርቶ ወደ ሰማይ አቀናው። በ1610 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር ጁፒተር በሚባለው ኮከብ አጠገብ አራት ትናንሽ ብርሃናት እየዞሩ አየ። በጨረቃም ላይ ተራራና ሸለቆ መኖሩን አስተዋለ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሮማ በሄደ ጊዜ በሮማ ኮሌጅ ያሉት የኢየሱሳውያን ማኅበር ሊቃውንት በመነጽር ተመልክተው ያየው ነገር እውነት መሆኑን መሰከሩለት፤ በክብርም ተቀበሉት። ሽማግሌው ክላቪዩስ ከእነርሱ አንዱ ነበር።

ጠቡ የተነሣው ባዩት ነገር ላይ ሳይሆን በትርጓሜው ላይ ነው። በቅዱስ መጽሐፍ ኢያሱ ፀሐይን ቁሚ እንዳላት ተጽፏል፤ ምድር የምትዞር ከሆነች ይህ ቃል እንዴት ይተረጐማል? ጋሊሌዮ መጽሐፍ የተሰጠን ለነፍሳችን መዳኛ እንጂ የከዋክብትን መንገድ ለመለካት አይደለም ብሎ ያምን ነበር። ካርዲናል ቤላርሚኖ ደግሞ በ1615 ዓ.ም. በጻፉት ደብዳቤ፣ የማያጠራጥር ማስረጃ ቢገኝ የመጽሐፉን ትርጓሜ በጥንቃቄ መመርመር ይገባናል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ማስረጃ ገና አልታየኝም የሚል አሳብ ገለጡ። እንዲህ ሲታይ ሁለቱ እጅግ የተራራቁ አልነበሩም። ዳሩ ግን በ1616 ዓ.ም. በማርች ወር የሮማ ባለ ሥልጣኖች የኮፐርኒኩስ መጽሐፍ እስኪታረም ድረስ እንዳይነበብ ከለከሉ፤ ጋሊሌዮም ይህን አሳብ እንዲተው ተነገረው። ማስረጃውን ለመጠበቅ ትዕግሥት ባጡ ጊዜ በትእዛዝ ሊዘጉት ፈለጉ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ በአባትና በልጅ መካከል ደብዳቤ አልተቋረጠም። ማሪያ ቸለስቴ ከጻፈቻቸው ደብዳቤዎች 124ቱ እስከ ዛሬ ተጠብቀዋል፤ አባቷ የጻፈላት ግን አልተገኘም። ደብዳቤዎቹ ስለ ፍልስፍና ክርክር ብቻ የሚናገሩ አይደሉም። የሸሚዙን ኮሌታ አጥባ ትልክለታለች፤ ትርንጎ በስኳር ቀቅላ ታዘጋጅለታለች፤ ወረርሽኝ በአገሩ በገባ ጊዜ መድኃኒት ትልክለታለች። ገዳሙ ድኻ ስለ ነበረ በብርድና በችግር ይኖሩ ነበር፤ ስለዚህ አባቷ ገንዘብና ምግብ ይልክላቸዋል፤ የገዳሙም ሰዓት በተበላሸ ጊዜ በእጁ ጠግኖላቸዋል። በ1623 ዓ.ም. አዲስ መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜም እርሷ ታነበው ዘንድ እንዲልክላት ለመነችው። ከዚህ የምንረዳው ጸሎቷን ሳታጓድል የአባቷን ሥራ በፍቅር ትከታተል እንደ ነበረ ነው።

በዚያው በ1623 ዓ.ም. የጋሊሌዮ ወዳጅ የነበሩት ካርዲናል ባርቤሪኒ ኡርባኖስ 8ኛ ተብለው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆኑ። ጋሊሌዮም ጊዜው የተመቸ መስሎት በ1632 ዓ.ም. ስለ ሁለቱ አሳቦች፣ ማለት ስለ ምድር መቆምና ስለ ምድር መዞር፣ ሦስት ሰዎች ሲነጋገሩ የሚያሳይ መጽሐፍ አሳተመ። ከሦስቱ ተነጋጋሪዎች አንዱ ሲምፕሊቾ ይባላል፤ ስሙ በኢጣልያንኛ ለየዋህና ለሞኝ የቀረበ ነው። ጋሊሌዮ የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱን አሳብ በመጽሐፉ መጨረሻ በዚሁ ሰው አፍ አኖረው። ኡርባኖስ ይህን በሰሙ ጊዜ እጅግ ተቈጡ፤ የቀድሞ ወዳጅነትም ወደ ክስ ተለወጠ።

ጋሊሌዮ በስድሳ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ታሞ ሳለ፣ ወደ ሮማ ተጠርቶ በሃይማኖት ፍርድ ቤት ፊት ቀረበ። በጁን 22 ቀን 1633 ዓ.ም. በጕልበቱ ተንበርክኮ ምድር ትዞራለች የሚለውን አሳብ ክጃለሁ ብሎ እንዲናገር ተደረገ። ከዐሥሩ ዳኞች ካርዲናሎች ሦስቱ በፍርዱ ላይ አልፈረሙም። ፍርዱም መጽሐፉ እንዲከለከል፣ ራሱም እንዲታሰር፣ ደግሞም ለሦስት ዓመት በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ሰባቱን የንስሐ መዝሙሮች እንዲደግም ነው። እስራቱ ኋላ በቁም እስር ተለወጠለት፤ መጀመሪያ በሲዬና ሊቀ ጳጳስ ቤት ተቀመጠ፤ ሊቀ ጳጳሱም በክብር ያዙት።

አንባቢዎቻችን ሆይ፣ በዚህ ጊዜ መነኵሲቷ ምን እንዳደረገች እንመልከት። ቤተ ክርስቲያንን እንደ እናት የምትወድ ናት፤ አባቷንም ትወዳለች። እናት የተባለችው አባቷን በፈረደችበት ጊዜ ከሁለቱ አንዱን መካድ የሚገባት ይመስላል። እርሷ ግን አንዱንም አልካደችም። አባቷ ከቤቱ በራቀበት ወራት ቤቱን በገዳም ሆና ታስተዳድርለት ነበር፤ ስለ ወይን ጠጁ፣ ስለ ሎሚው ዛፍ ትጽፍለታለች፤ በቅሎዋም ኰርታ ከጌታዋ በቀር ሌላ ሰው እንዳይቀመጥባት እምቢ ማለቷን እየቀለደች ትነግረዋለች፤ ይህም ልቡን ለማጽናናት ነው። ከዚያም በላይ የፍርዱን ቃል ባነበበች ጊዜ ሰባቱን መዝሙሮች በየሳምንቱ መድገሙን እኔ ስለ አንተ ተቀብየዋለሁ፤ ጀምሬዋለሁም የሚል መልእክት ላከችለት። ዳዊት መድገም ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ለኛ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ቅጣት ተብሎ የታዘዘው በልጅ አፍ የፍቅር ጸሎት ሆነ።

ጋሊሌዮ በ1633 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር ወደ አርቼትሪ ቤቱ እንዲመለስ ተፈቀደለት። ቤቱ ለገዳሙ ቅርብ ስለ ነበረ አባትና ልጅ ተገናኙ። ነገር ግን ደስታቸው ሦስት ወር ተኩል ብቻ ቈየ። ማሪያ ቸለስቴ በብርቱ በሽታ ተይዛ ኤፕሪል 2 ቀን 1634 ዓ.ም. በሠላሳ ሦስት ዓመቷ ዐረፈች። ጋሊሌዮ ኋላ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ እንደ ተረከው፣ ልጁ ከእንግዲህ እንደማትድን ሐኪሙ ነግሮት ከገዳም ወደ ቤቱ ሲመለስ የፍርድ ቤቱን መልእክተኛ አገኘ፤ መልእክቱም ለሕክምና ወደ ፍሎሬንስ ልግባ እያለ ደግሞ እንዳይለምን የሚያዝ ነበር። የልጁንም ድምፅ ሁልጊዜ ሲጠራው የሚሰማ ይመስለው እንደ ነበረ ጽፏል። ከዚህ በኋላ ዐይኑ ቢጠፋም ሥራውን አልተወም፤ ስለ ነገሮች ጥንካሬና ስለ እንቅስቃሴ የጻፈው ታላቅ መጽሐፍ በ1638 ዓ.ም. በሆላንድ አገር ታተመ። በጃንዋሪ 8 ቀን 1642 ዓ.ም. ሞተ። በ1737 ዓ.ም. ዐፅሙን ወደ ክቡር መቃብር ለማዛወር በቈፈሩ ጊዜ፣ በእርሱ ሣጥን አጠገብ የአንዲት ሴት ዐፅም ያለበት ሣጥን ተገኘ፤ የማሪያ ቸለስቴ እንደሆነ ይታመናል።

ለፍርድ ቅን ለመሆን ይህንንም መናገር ይገባናል። ጋሊሌዮ ለምድር መዞር ዋና ማስረጃ ያደረገው የባሕር ውኃ መውጣትና መውረድ ነበር፤ ይህም ማስረጃ ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። አሳቡ ግን ልክ ነበር። ዳኞቹ ማስረጃው አልሞላም ቢሉ ባልተነቀፉ፤ ነገር ግን ያልተፈጸመውን ምርምር በፍርድ ዘጉት፤ በደላቸው ይህ ነው። ለዐይን የሚታየው ማስረጃ ከዘመን በኋላ መጣ፤ በ1838 ዓ.ም. ቤሰል የሚባለው የጀርመን ሊቅ ምድር በዞረች ጊዜ አንድ ኮከብ ጥቂት ቦታውን የለወጠ መስሎ መታየቱን ለካ። በሮማ ከተከለከሉት መጻሕፍት ዝርዝር የኮፐርኒኩስና የጋሊሌዮ መጻሕፍት የወጡት በ1835 ዓ.ም. በታተመው ዝርዝር ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን፣ በዚያ በክልከላ ዘመን እንኳ ሰማይ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ መመርመሩ አለመቅረቱ ነው። በ1655 ዓ.ም. ካሲኒ የሚባለው ሊቅ በቦሎኛ ከተማ በቅዱስ ፔትሮኒዮ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ፣ ከወለሉ 27 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቦታ ትንሽ ቀዳዳ አበጅቶ፣ የፀሐይ ብርሃን በወለሉ ላይ በተሰመረው 67 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር ላይ እንዲወርድ አደረገ። ዓላማው የዓመቱን ልክና የፋሲካን ቀን ማረጋገጥ ነበር። ዳሩ ግን የብርሃኑን ክብ ስፋት ከወር እስከ ወር ሲለካ፣ ያገኘው ልክ ምድር ትዞራለች ከሚለው ወገን ከነበረው ከኬፕለር ትምህርት ጋር የሚስማማ ሆነ። ምእመናን ቅዳሴ በሚሰሙበት ወለል ላይ የተከለከለው ሊቅ ወገን ምስክር አገኘ።

ኋላም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በ1891 ዓ.ም. የቫቲካንን የከዋክብት መመልከቻ ቤት እንደገና አቋቋሙ። ይህ ቤት ዛሬም ሥራውን ይሠራል፤ በ1993 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በአሪዞና ተራራ ላይ አዲስ መነጽር ተከለ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሰማይን ሁሉ ካርታ ለማንሣት አገሮች ሥራውን ሲከፋፈሉ ለቫቲካንም ድርሻ ደረሳት። የፎቶግራፉን መስተዋት እያዩ የከዋክብትን ቦታ የለኩትና የጻፉት አራት መነኵሲቶች ናቸው። ከ1910 እስከ 1921 ዓ.ም. ድረስ ከ480 ሺሕ በላይ ከዋክብት መዘገቡ፤ ስማቸውም ሳይነገር ብዙ ዘመን ቈይቶ በኛ ዘመን ታወቀ። ማሪያ ቸለስቴ ስለ አባቷ ቅጣት በገዳም ጸለየች፤ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ እንደ እርሷ ቆብ የደፉ እኅቶች አባቷ የወደደውን ሥራ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ቤት ሠሩ።

በቤልጂግ አገርም ዦርዥ ለሜትር የሚባል ካህን ነበረ። በ1923 ዓ.ም. ቅስና ተቀብሎ፣ በ1927 ዓ.ም. ዓለም እየሰፋች የምትሄድ መሆንዋን በሒሳብ አስረዳ፤ በ1931 ዓ.ም. ደግሞ ዓለም ሁሉ ከአንዲት ጥንታዊት አቶም እንደ ጀመረች ተናገረ። በ1951 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ይህን ትምህርት ለፍጥረት መጀመሪያ ምስክር አድርገው በተናገሩ ጊዜ፣ ካህኑ ራሱ ደስ አላለውም። ሃይማኖቴ በሒሳቤ ላይ አይቆምም፤ ሒሳቤም ለሃይማኖቴ ምርኵዝ አይሆንም የሚል አሳብ ነበረው፤ ሒሳብ ነገ ሊታረም ይችላልና። ይህ ካህን ሁለቱን በየቦታቸው አክብሮ በአንድ ልብ ይዞ ኖረ።

የሮማ ቤተ ክርስቲያንም ያለፈውን መረመረች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1979 ዓ.ም. የጋሊሌዮ ነገር እንደገና እንዲመረመር ጠየቁ፤ በኦክቶበር 31 ቀን 1992 ዓ.ም. በዚያ ዘመን የነበሩት የሃይማኖት መምህራን መሳሳታቸውን በአደባባይ ተናገሩ። ከፍርዱ እስከዚህ ቃል ድረስ 359 ዓመት ሆነ። ስሕተትን ማመን ለትልቅ ቤት ከባድ መሆኑን ይህ ቍጥር ያስረዳል፤ ይሁን እንጂ ዘግይቶ ማመን ፈጽሞ ካለማመን ይሻላል።

እንግዲህ ወደ ጀመርንበት ደጅ እንመለስ። ልጅ ሰማይን አይቶ ሲጠይቅ፣ አባት ማወቅ የሚገባው ጥያቄው ሃይማኖትን እንደማይሰርቅ ነው። በሮማ ሃይማኖትን ያስነቀፈው ጥያቄው አልነበረም፤ ጥያቄውን ለመዝጋት የተሰጠው ትእዛዝ ነው እንጂ። የማናውቀውን «አላውቅም፤ አብረን እንጠይቅ» ማለት ለአባት ውርደት አይደለም፤ ይልቁንም ልጁ እውነትን ያለ ፍርሃት እንዲፈልግ የሚያስተምር ክብር ነው። ልጅም በበኩሉ አባቱ ወይም መምህሩ በተሳሳተ ጊዜ ማሪያ ቸለስቴን ያስብ፤ እርሷ እውነትን ለማክበር ስትል የወደደቻቸውን አልጠላችም፤ የወደደቻቸውንም ለማክበር ስትል የአባቷን ሥራ አላቃለለችም። ሸክሙን ተካፈለችው እንጂ።

ዛሬ ማታ ሰማዩ ጠርቶ ከዋክብት በወጡ ጊዜ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ደጅ ውጡ። ዳዊትን የደገመ አባት ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር እንዲናገሩ ያውቃልና፣ ልጁ ከዋክብትን ሲቈጥር ቢያየው ሊቈጣው አይገባም። አብሮት ቢቈጥር ይሻለዋል።